ሰንሰለት የነከሰ ገመድ

ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ አዲስ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥራ ትርፉን በቢላዋ ቆረጠችው፤ ከዚያ ጫፉ እንዳይተረተር ላይተር ለኮሰችበት። እኔ ከእሷ አንድ ፎቅ በላይ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር። ሽታው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መጣ። የተቃጠለ ናይለን፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ መራራ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው?» አለችኝ ቀና ብላ። «ኮንዶሚኒየሙን ላቃጥለው መስሎሽ ነው?»

«አይ፣ ሽታው ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ከበረንዳ ወደ በረንዳ ተጮኾ የሚወራ ነገር አልነበረም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወንድሜ አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለች የብየዳ ቤት ነበረችው። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ልኬት እጽፋለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የሰፈሩን ሴቶች ፀጉር እሠራለሁ። በመሀል በኤሌክትሮድ ካርቶን ጀርባ ላይ ግጥም እሞክራለሁ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ገጣሚዋ» ይለኝ ነበር፤ ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ።

ነገሩን ያመጡት አንድ ዓሣ አስጋሪ አዛውንት ናቸው። የተሰበረ የባልዲ እጀታ ሊያስበይዱ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ፣ በተነፋ የመኪና ካላማዳሪ ላይ ሳንቃ አስረው፣ እግራቸው ውሃ ውስጥ እየተንጠለጠለ ነበር የሚያሰግሩት። ወንድሜ እጀታውን እየበየደ፣

«አባባ፣ ለምን ጀልባ አያሠሩም?» አላቸው።

«ማን ይሠራልኛል? አንተ?» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ቀልደው ሄዱ። ወንድሜ ግን በማግስቱ ለአንድ መስኮት ልኬት በጻፍኩበት ወረቀት ላይ ጀልባ ሲሥል አገኘሁት።

«እስካሁን የሠራሁት ሁሉ የሚዘጋ ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «በር፣ ፍርግርግ፣ አጥር። አንድ እንኳ የሚሄድ ነገር ልሥራ እስቲ።»

«በርኮ ይከፈታል» አልኩት።

«ለባለቤቱ።»

ክረምቱን ሙሉ ከደንበኛ ሥራ በተረፈ ላሜራ ቀጠለው። ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ የብየዳው ሰማያዊ ብርሃን በቀዳዳው ሁሉ ሲወጣ፣ እኔ ፊቴን አዙሬ እንኳ ጥላው ግድግዳው ላይ እየዘለለ ይታየኝ ነበር። መስከረም ላይ ጀልባው ቆመ። እማዬ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«ይሄን ገንዳ ለማን ነው የሠራኸው? ለከብት?»

አዛውንቱ ግን ሲጠሩ መጡ። በጣታቸው አንጓ ጎኑን ኳኳ አደረጉት፤ ድምፁን ሰሙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መንሳፈፍማ ቡሽም ይንሳፈፋል» አሉ። «ጀልባ ማለት ቁም ስትለው የሚቆም ነው። ግድቡ ላይ ከረፋድ በኋላ ንፋስ አለ። የእህቴ ልጅ ዝዋይ ያሰግራል፤ የእንጨት ጀልባቸው እየበሰበሰ የብረት ጀልባ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቅዳሜ እኔው ራሴ እቀመጥበታለሁ። መረቤን አውጥቼ እስክጨርስ ካልተንቀሳቀሰ፣ ያኔውኑ እደውልለታለሁ። ከሸሸ ግን አንተም ወደ በርህ፣ እኔም ወደ ጎማዬ።»

«ይቆማል፣ አባባ» አለ ወንድሜ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። እማዬ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ካልቆመ ቆራርጠህ በር ታደርገዋለህ፤ ደንበኞችህ ጥለውህ አለቁ» አለች። እንደምታስደርገው አውቅ ነበር። እማዬ ያለችውን ታደርጋለች።

መልህቅ ማናችንም በዓይናችን አይተን አናውቅም። ወንድሜ ከሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ካለ ሥዕል ቀድቶ፣ ከወፍራም ፌሮ አጥፎ በየደው። አዛውንቱ፣ ገመድ ብቻውን መልህቁን ወደ ላይ ያነሳዋልና በመሀል ከባድ ሰንሰለት ይግባ ብለው ነበር፤ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ሲተኛ መልህቁም ጭቃውን ይነክሳል። ሰንሰለቱን ከአንድ አሮጌ የመጋዘን በር ላይ አገኘነው። ገመዱን አዲስ ገዛን፤ አረንጓዴ፣ አውራ ጣት የሚያህል ናይለን።

ገመዱን ከሰንሰለቱ ያገናኘው የወንድሜ አብሮ አደግ ነው። ቃሊቲ ጭነት መኪና ላይ ጫኝ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ከትከሻው የሰፋ።

«ወደ ጎን በሉ» አለን። «ቃሊቲ ውስጥ የእኔን ቋጠሮ የማያውቅ ሹፌር የለም። ስንት ኩንታል ከዚህ እስከ ሞያሌ ይዟል።»

ሲያስር እጁ አይታይም። ሁለቴ ዞረ፣ አንዴ ገባ፣ አለቀ። እኔና ወንድሜ ተንጠልጥለን ሳብነው፤ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ጀልባውን አይሱዙ ላይ ጭነን ወረድን። የአባ ሳሙኤል ውሃ ጠዋት ላይ የሻይ ቀለም አለው። ዳርና ዳሩን እምቦጭ ሸፍኖታል፤ ሐምራዊ አበባው በሩቁ ያምራል፤ ሲቀርቡት ይገማል። ጀልባው ውሃ ሲነካ ዳር የቆሙት ሁሉ ጮኹ። አልሰመጠም! ወንድሜ፣ ጫኙና አዛውንቱ መረቡ ወደ ተዘረጋበት ቀዘፉ። መልህቁ ገባ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ጀልባው ቆመ። እኔ ዳር ላይ ብቻዬን ዘለልኩ።

ብዙ አልቆየም። ንፋሱ መጣ። ጀልባው ከፍ ዝቅ አለ፤ ገመዱ ላላ፣ ጠበቀ፣ ላላ፣ ጠበቀ። ከዚያ አረንጓዴው ገመድ እንደ እባብ ተጠማዞ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ጀልባው ሦስቱንም እንደያዘ ቀስ ብሎ፣ ደንገጥም ሳይል፣ ወደ ኋላው ሄዶ እምቦጭ ውስጥ ገባና ተቀረቀረ። ዳር ላይ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር።

እየገፋን ካወጣናቸው በኋላ አዛውንቱ የገመዱን ጫፍ አንስተው በጣታቸው ዳሰሱት።

«አልተበጠሰም» አሉ። «ተፈትቷል።»

ጫኙ መሬት መሬት አየ። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ቃሊቲ ላይ መኪና ተሰልፎ እየጠበቀ ሸራ ሲፈታ የሚንቀረፈፍ ጫኝ መሳቂያ ነው። ስለዚህ የእነሱ ቋጠሮ ጥበቡ ማሰሩ ላይ አይደለም፤ መፍታቱ ላይ ነው። ትርፉን ጫፍ አንድ ጊዜ ሳብ፣ ሁሉም እርግፍ ይላል። ማዕበሉ ገመዱን ሲያላላ ትርፉ ጫፍ ሰንሰለቱ ላይ ተያዘ፤ ጀልባው ራሱ ሳበው። ውሃው የጫኝ ሥራ ሠራ።

«እኔኮ በደንብ ነው ያሰርኩት» አለ ጫኙ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«በደንብ አስረሃል» አሉት አዛውንቱ። «ለመኪና።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «የሚመጣው ቅዳሜ አለልህ። ከዚያ ወዲያ የለም። እኔም ዕድሜ የለኝም፣ የእህቴም ልጅ ትዕግሥት የለው።»

ያ ሳምንት! ቪዲዮው ሰኞ ጠዋት በሰቃን አዳርሶ ነበር። ወንድሜ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ «ካፒቴን፣ በየት በኩል ነው ወደቡ?» ይሉታል። ባለሱቁ እንኳ ሳይቀር፣ ሒሳብ ሲመልስ፣ «እምቦጭ ውስጥ አንድ ክፍል አከራየኝ» አለው። ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ከነሰንሰለቱ ግድቡ ውስጥ ስለቀረ፣ ሁለተኛ መልህቅ ይበይዳል፤ ሌላ ሰንሰለት ይፈልጋል፤ ከንፈሩን ይነክሳል።

ማክሰኞ ዕለት፣ በያጅ ብቻ ሊሳሳተው የሚችለውን ስህተት ተሳሳተ። ሁለት ነገር መያያዝ ካለበት ይበየዳል ብሎ ያምን ነበር። ገመዱን በሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት አሾልኮ፣ በራሱ ላይ አጥፎ፣ በእሳት አቀለጠው። ቤቱ በአረንጓዴ ጭስ ተሞላ። ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ናይለኑ ቀልጦ ቀለበቱን አቅፎ ሲደርቅ እንደ ጠርሙስ ያበራ ነበር፤ ወንድሜ በኩራት በመዶሻ መታ መታ አደረገው።

«ብየዳ ነው ይሄ!» አለ።

ሰንሰለቱን ከመብራት ምሰሶው አሰርን፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ ከአንድ ባጃጅ ኋላ። ባለባጃጁ ገና ማርሽ ሲያስገባ «ቀጭ» አለ። እንደ ከረሜላ ተሰበረ። ባለባጃጁ ራሱን አዙሮ፣ «ደግሞ ምን ላጥፋላችሁ?» አለን።

ረቡዕ ጫኙ መጣ። በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ የማይፈታ ቋጠሮ ሲሞክር ዋለ። ናይለኑ አዲስና ሙልጭልጭ ነው፤ በባጃጅ ሲሳብ ቋጠሮው እየዞረ ይሸሻል። የያዘው አንዱ ደግሞ ከሰንሰለቱ ጋር እየተፋተገ ተበልቶ ፀጉር አወጣ።

ፀጉር አወጣ። አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ ይሞቃል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባች፣ የብረት ብናኙ አየር ላይ ያብለጨልጭ ነበር። ወንድሜ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ጀልባውን ያየዋል፤ ከየት ጀምሮ እንደሚቆርጠው የሚያስብ ይመስል ነበር። እኔ የተሰበረውን ገመድ አንስቼ የቀለጠውን ጫፍ በጉጠት ሰበርኩት። ገመዱ በእጄ ላይ ተተረተረ። ሦስት ዘለላ ሆነ፤ እኩል፣ ልስልስ፣ እያንዳንዱ የመጣበትን ጥምዝ ያልረሳ። ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ያዙት፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች።

«ይሄኮ ፀጉር ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ገጣሚዋ ጀመራት» አለ ጫኙ። «ለሰንሰለት ሹሩባ ልትሠሪለት ነው?»

«ዝም በልና ሰንሰለቱን ያዝልኝ!»

መጀመሪያ ተሳሳትኩ። ሦስቱን ዘለላ በቀለበቱ አሳልፌ፣ እርስ በርስ ጎንጉኜ፣ ከገመዱ ጋር በሽቦ አሰርኩት። ያምር ነበር። ባጃጁ ሳበው፤ ጉንጉኑ ከሽቦው ውስጥ ሾልኮ ወጣ። ጫኙ ሳቀ። ወንድሜ ግን ቀና አለ፤ ከቅዳሜ ወዲህ እንደዚያ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ምኑ ነው የጎደለው?» አለኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እሁድ ፀጉር የምሠራላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯ ሙልጭልጭ ስለሆነ ዊግ አይዝላትም። ዊጉ እርስ በርሱ ቢጎነጎን እንደዚሁ ወልቆ ይወድቃል። የሚይዘው ከሥር ካለው ከራሷ ፀጉር ጋር ገብቶ ሲሠራ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ፀጉር የለውም። ፀጉር ያለው ገመዱ ነው። ስለዚህ ገመዱ ሰንሰለቱን ዞሮ ተመልሶ ወደ ራሱ ሥጋ መግባት አለበት።

«የሾለ ነገር ስጠኝ» አልኩት። «እንደ ማበጠሪያ ጭራ።»

ወንድሜ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሳ። ቀጭን ፌሮ ቆርጦ በግራይንደር አሾለው፤ ፍንጣሪው እስከ በሩ ደረሰ። ገና እንደጋለ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ገመዱን ሁለት ስንዝር ያህል ፈታሁት። ሁለቱን ዘለላ ከአንድ ወገን፣ ሦስተኛውን ከሌላው ወገን በቀለበቱ አሳለፍኩ። ከዚያ የገመዱን ጠንካራ አካል በፌሮው ጫፍ እየፈለቀቅኩ፣ እያንዳንዱን ዘለላ በአንዱ ላይ አሳልፌ በሚቀጥለው ሥር አስገባሁት። በአንዱ ላይ፣ በአንዱ ሥር። ዞር። በአንዱ ላይ፣ በአንዱ ሥር። ጣቴ ደማ፤ አልተሰማኝም። ሰባት ዙር ሄድኩ። የተረፈውን ጫፍ የዊግ ጫፍ እንደምዘጋው በላይተር ነካ ነካ አደረግኩት።

ባለባጃጁ ተጠራ። «ዛሬስ ምን ይሰበራል?» እያለ መጣ። ማርሽ አስገባ፤ ገመዱ ተወጠረ። ነዳጅ ሰጠ፤ ገመዱ ቀጠነ፣ ከዚያ እንደ ክራር ጅማት እም ማለት ጀመረ። የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት እየተሽከረከሩ አቧራውን ቆርቆሮው ላይ ረጩ። እኔ የሠራሁት ቦታ ይልቁንም እየተጨመቀ፣ ቀለበቱን እየነከሰ፣ በተሳበ ቁጥር እየጠበቀ ሄደ!

«አቁም! አቁም! ምሰሶውን ልትነቅለው ነው!» ብሎ ጮኸ ጫኙ፤ እየሳቀ፣ እየዘለለ። ወንድሜ ሄዶ ገመዱን ሁለት እጁ ውስጥ ያዘው።

ቅዳሜ እኔም ጀልባው ላይ ነበርኩ። ጫኙ ቦታውን ለቀቀልኝ። «አንቺ ያሰርሽው ቢፈታ አንቺም ትቀረቀሪያለሽ፤ ፍትሕ ነው» አለኝ።

ዳር ላይ ካለፈው ሳምንት የበዛ ሰው ተሰብስቧል። ስልኮቹ ተደግነዋል። አዛውንቱ ከፊት ተቀመጡ። መልህቁ ተጣለ፤ ሰንሰለቱ በጀልባው ከንፈር ላይ እየተንኳኳ ወረደ፤ የሠራሁት ቦታ በዓይኔ ፊት አልፎ የሻይ ቀለም ያለው ውሃ ውስጥ ጠፋ። ልቤ አብሮት ገባ።

«ነይ፣ ልጄ» አሉኝ አዛውንቱ። «ዳር ያለውን ያንን ባሕር ዛፍ ታዪዋለሽ? ከኋላው ያለውንስ የመብራት ምሰሶ? አንዱ በአንዱ ላይ ናቸው። ዓይንሽን ከነሱ እንዳታነሺ። ከተለያዩ ሸሽተናል ማለት ነው።»

መረባቸውን ማውጣት ጀመሩ። አይቸኩሉም። አንድ ቆሮሶ ያወጣሉ፤ ከመረቡ ቀስ ብለው ያላቅቁታል፤ ባልዲ ውስጥ ይጥላሉ፤ ዓሣው ይንፈራገጣል። ንፋሱ መጣ። መጀመሪያ እምቦጩን አተራመሰው፤ ከዚያ ውሃውን አሸበሸበው፤ ከዚያ እኛን። ጀልባው ተነሳ፣ ወደቀ። አንድ እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ ነበር፤ ሲላላ ትንፋሼ ይቆማል፣ ሲጠብቅ እተነፍሳለሁ። ዛፏና ምሰሶው ትንሽ ተለያዩ።

«አባባ!» አልኩ።

«ጠብቂ።»

ጀልባው ዞር አለ፤ አፍንጫውን ለንፋሱ ሰጠ። ዛፏ ተመልሳ ምሰሶው ላይ ተደረበች። እዚያው ቀረች።

ወንድሜን አየሁት። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የመረቡ የመጨረሻ ጫፍ ሲወጣ ባልዲው ሞልቷል። አዛውንቱ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ አበሱ።

«ቶሌ» አሉ በኦሮምኛ፤ ጥሩ ነው እንደማለት። «ይሄ ጀልባ ነው።»

ወንድሜ በሕይወቱ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ከዳር ጫኙ መለሰለት፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ጮኸ፤ ሲስቁብን የነበሩት ጭምር። መልህቁን ስናወጣ አዛውንቱ የተገናኘበትን ቦታ ጭቃውን ጠርገው አዩት። በጥፍራቸው ሊፈለቅቁት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው።

«የማን እጅ ነው?»

«የእህቴ» አለ ወንድሜ።

አዛውንቱ የደማውን ጣቴን ይዘው አዩት፤ ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። እዚያው ጀልባው ላይ ሆነው ዝዋይ ደወሉ።

ወንድሜ በጥቅምት መጨረሻ ሄደ። እማዬ ግራይንደሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጫነችለት። ቃሊቲ መናኸሪያ ላይ ጫኙ ሻንጣውን አውቶቡሱ አናት ላይ አሰረለት፤ አሥር ጊዜ ያህል ቋጠረው። «ይሄን ፈትተው እስኪጨርሱ ዝዋይ ሌላ ጀልባ ይሠራል» ብሎ ሳቀ።

እዚያ የመጀመሪያውን ጀልባ ሲጨርስ ደወለልኝ። ከጀርባው ንፋስና የወፍ ጩኸት ይሰማኛል።

«ገመዱን ይዤ ቁጭ ብያለሁ» አለኝ። «ሁለቱ ከአንድ ወገን ነው? ከዚያስ?»

«በአንዱ ላይ፣ በአንዱ ሥር። ዞር አርገው። አሁንም በአንዱ ላይ...»

ሰባቱንም ዙር በስልክ ሄድን። ለሁለተኛውም ጀልባ እንደዚሁ፤ ለሦስተኛውም። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ገመዱ ሲፈለቀቅ የሚያወጣው ሲጥታ ይሰማኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ቀስ እል ነበር። በአንድ ትንፋሽ የሚነገረውን በሦስት እነግረዋለሁ። «ቆይ፣ አጥብቀኸዋል? እስቲ እንደገና እየው» እለዋለሁ። በዚያ መሀል ስለ ዓሣው ቅመም ያወራኛል፤ ውሃው ጠዋት ምን እንደሚመስል ይነግረኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለ። ሌላ ጀልባ ውሃ ገባ አለኝ፤ ትልቅ ነው፣ አምስት ሰው ይይዛል። ድምፁ በደስታ ይዘል ነበር። ስለ ቀለሙ ነገረኝ፤ ስለ ባለቤቶቹ ነገረኝ። እኔ ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሀል ይዤ፣ ተዘጋጅቼ፣ እጠብቃለሁ።

«ገመዱስ?» አልኩት በመጨረሻ።

«እሱማ ጠዋት አልቋል» አለኝ። «እጄ ለመደውኮ። ሳላየው ነው የምሠራው።»

«ጎበዝ» አልኩት። ኮርቼበት ነበር፤ እውነቴን ነው። ሲዘጋ ግን ስልኩን ወዲያው አላወረድኩም። ሰባቱም ዙር አፌ ውስጥ ነበሩ።